ቀዩ ጉንጉን

«እጅጌሽን ሰብስቢ እንጂ፣ ጭቃ እየነካው ነው» አለች ብሪን፣ ትልቁን ዱባ ወደ ደረጃው እየገፋች።

ጓደኛዋ ዴላ አልሰበሰበችም። ጭራሽ እስከ ጣቶቿ ድረስ ጎተተችው። ከስሩ ያለውን ማየት ራሱ ያስፈራታል። ክንዷ ከትናንት ጀምሮ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሯል። ማሳከኩን ተዉት። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሙሉውን በማስመሪያ ስታክ ነው ያሳለፈችው።

ብሪን ግን ሐሳቧ ሁሉ ዱባው ላይ ነው። አስር ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያዘጋጀው የበረንዳ ማስጌጥ ውድድር ዳኞች ይመጣሉ። በየዓመቱ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከተማውን እየዞሩ የሰዉን በረንዳ ያያሉ፤ የአሸናፊው ቤት ፎቶ የከተማው ካላንደር ላይ፣ የጥቅምት ገጽ ላይ ይወጣል። ብሪን ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥታለች። ዘንድሮ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ የነብሪን በረንዳ ያምር ነበር። ምሰሶዎቹ ላይ የበቆሎ አገዳ ታስሯል። ዱባው ከትልቅ እስከ ትንሽ ደረጃው ላይ ተደርድሯል። ወንበሩ ላይ የአባቷን አሮጌ ቱታ የለበሰ የጭድ ሰውዬ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሩ ላይ የተሰቀለው ክብ የቅጠል ጉንጉን ነው። ደም የመሰለ ቀይ። ቅዳሜ ዕለት ሁለቱ ሆነው ከጫካ የቆረጡትን ሐረግ እየጠመዘዙ የሠሩት ነው።

«ብሪን፣ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ነርስ ጋ ሄጄ ነበር።»

«እና?»

«የቆረጥነው ያ ቆዳ የሚያሳብጠው መርዘኛ ሐረግ ነው አለችኝ።» እጅጌዋን ትንሽ ከፍ አደረገችው።

ብሪን አየችና ፊቷን አዞረች። «አቦ አታካብጂ። ክሬም ትቀቢያለሽ፣ በሳምንት ይጠፋል።»

«አጎቴን ጠይቄዋለሁ፣ ችግር የለውም ብሏል አላልሽኝም?»

«ጠይቄዋለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ጓንትሽን ለምን አንዴም አላወለቅሽም?»

ብሪን ዱባውን ወደ ግራ አዞረችው። ከዛ ወደ ቀኝ መለሰችው።

ዴላ ልትናደድ ፈልጋ ነበር፣ አልቻለችም። እሷም ንጹሕ አይደለችማ። እዚያ ከተማ ያደገ ልጅ ሁሉ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «ሦስት ቅጠል ካያችሁ፣ ይሰብሰብ እጃችሁ» ሲባል ነው ያደገው፤ መርዘኛው ሐረግ በየቀንበጡ ሦስት ሦስት ቅጠል ነው የሚያወጣው። ዴላ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምናልባት ጉዳት የሌለው ባለአምስት ቅጠሉ ቢሆን ብላ ሌላ ቀንበጥ አንስታ ቆጠረች። አሁንም ሦስት። ግን ቀለሙ! ብሪን «አጎቴ» ስትላት ደግሞ እሺ ብላ ተወችው። ማመን ፈልጋ ነበር በቃ።

አሁን ክንዷ አይደለም ያስፈራት። ክንድ ይድናል። የሠሩት ጉንጉን ግን ሁለት ነው።

ሁለተኛውን ለነብሪን ጎረቤት ለሚስተር ሃስኬል ነው የሰጡት። ሚስተር ሃስኬል አርባ ዓመት ግራናይት ሲጠርብ የኖረ፣ ሳንባው በድንጋይ አቧራ ያለቀ ሽማግሌ ነው። ፖስታ ሳጥኑ ጋ ደርሶ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ይተነፍሳል። ባዶ በሩ ፎቶው ውስጥ ገብቶ እንዳያበላሽባቸው ነበር የሰጡት። እሱ ግን ይህን አላወቀም። ደስ ብሎት በባዶ እጁ ሰቀለው።

ነርሷ ያለቻት ነገር ከጠዋት ጀምሮ ከዴላ ጆሮ አልወጣም። «በምንም ዓይነት እንዳይቃጠል። እጅሽ ላይ የወጣው ነገር በጭሱ አማካኝነት ሳንባ ውስጥም ይወጣል። ጤነኛ ሰው እንኳ ሆስፒታል ይተኛል።» ከየት ቆረጥሽው ስትላት ዴላ «ከጫካ» ብቻ ብላ ወጥታለች።

በዚህ መሀል ከጎረቤት ግቢ የብረት መንኳኳት ተሰማ። ሚስተር ሃስኬል የቅጠል ማቃጠያ በርሜሉን እየጎተተ መጣ። በርሜሉ እስከ አፉ በደረቅ ቅጠል ተሞልቷል። ከላዩ ላይ ጉንጉኑ ተጋድሟል፣ ግማሹ ረግፎ።

«ልጆች፣ ስጦታችሁ እንደኔ ራስ ተመለጠ» አለ እየሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና በርሜሉን ይዞ ቆመ። «ያ የጭድ ሰውዬ ከኔ ይሻላል። ቢያንስ አያስለውም።»

ብሪን ሳቀች። ዴላ አንገቱን እያየች ነበር። ኮሌታው ስር ያለው ቆዳ ቀልቷል።

«አንገትዎን ምን ነካው?» አለችው።

«እሱ? ትንኝ መሰለኝ።» አከክ አከክ አደረገው። «ክብሪት ላምጣ። ዳኞቹ እንደሆኑ የቅጠል ጭስ ሽታ ይወዳሉ።»

ሦስት ሌሊት ሙሉ ውርጭ ወርዷል። በከተማው አንድ ትንኝ አልቀረም።

በሩ ከኋላው እንደተዘጋ ብሪን የዴላን ጃኬት ያዘች። «ሂጂና ጉንጉኑን ብቻ አውጪው። ማንም ሳያይ።»

«ቅጠሉስ? ግማሹ እኮ በርሜሉ ውስጥ ረግፏል።»

«እና ምን ልትዪው ነው?»

«እውነቱን ነዋ።»

«ዳኞቹ ፊት?» የብሪን ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ያኔ ነው ዴላ እሷም እንደፈራች የገባት። «ሽማግሌ በር ላይ መርዝ የሰቀሉ ልጆች ነው የምንባለው። ዕድሜ ልካችንን። ከነገርሽው ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ።»

ዳኞቹ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አሉ። ሦስት ናቸው። አንዷ ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። የሚስተር ሃስኬል በርም ተከፈተ። የክብሪቱ ሳጥን እጁ ላይ ነው፣ እየተራመደ ያንቀጫቅጨዋል።

ዴላ ከደረጃው ወረደች። ሣሩን አቋርጣ ስትደርስ እሱ ክብሪቱን ጭሮ ነበር።

«አያቃጥሉት» አለች። ድምፅዋ ስላነሰባት እጇን በርሜሉ አፍ ላይ ዘረጋች። እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸ።

ሚስተር ሃስኬል ክብሪቱን እፍ ብሎ አጠፋው። ክንዷን አየ። ከዛ ጉንጉኑን። ከዛ እጁ ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ፍርሃት አየች።

«ዴላ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስትሰጡኝ ታውቁ ነበር?»

ዳኞቹ ከኋላዋ ቆመዋል። ብሪን ደረጃው ላይ ራሷን ወደ ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፣ ቀስ ብላ፣ አይሆንም እያለች። «አላወቅንም» ማለት ቀላል ነው። አንድ ቃል ናት። እሳቱ እንደሆነ ቀርቷል፣ ማንም አይሞትም፣ የተቆጠረውንም ቅጠል ከዴላ በቀር ያየ የለም።

ዴላ እጅጌዋን አልመለሰችውም። አየር ሳበችና አፏን ከፈተች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?