ያልሰማሁት መልስ

ሩሃማን ያወቅኋት ሰው ሁሉ እየሳቀብኝ ሳለ ነው።

ጨለለቅቱ አጠገብ ባለ የቡና ማጠቢያ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። ጃተኒ እባላለሁ፤ የቦረና ልጅ ነኝ። ድርቁ ከብቶቻችንን ጠራርጎ ሲወስድ፣ ከብት የሌለው ቦረና ምን ይሠራል? ዝናብ ወደማይጠፋበት አገር ወጣሁ። እዚህ ውሃ በቦይ እየተንደረደረ ቡና ያጥባል፣ አጥቦም ይደፋል። መጀመሪያ ቀን ያንን የሚደፋ ውሃ ቆሜ ሳየው እንባዬ መጣ። የእኛ ላሞች እኮ አንድ ጉንጭ አጥተው ነው የሞቱት።

ሠራተኞቹ በቦዩ ዳር ተሰልፈው ቡናውን በእንጨት እየገፉ በጌዴኦኛ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ያን ቀን አውጪው ቀርቶ ነበር።

«ቦረና! እስኪ አንተ አውጣልን!» አሉኝ ለቀልድ።

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። የማውቀው አንድ ዘፈን ነው፤ እሱኑ አወጣሁት። የጉድጓድ ዘፈን።

እኛ አገር ውሃ ያለው ከመሬት በታች በጣም ርቆ ነው። ወንዶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ድረስ በመሰላል ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ። ከታች ውሃው ውስጥ የቆመው ላሞቹን በየመልካቸው እየጠራ ይዘፍናል፤ ከላይ ያሉት ይመልሱለታል። ሕጉ ቀላል ነው። መልስ እየመጣ ከጉድጓድ አይወጣም። መልስ ከቀረ ግን ምንም ሳትጠይቅ ትወጣለህ፤ ወይ አፈሩ ሊናድ ነው፣ ወይ ከብቱ ጠጥቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ አንተን የሚፈልግ የለም ማለት ነው።

የዘፈንኩት በኦሮምኛ ነው፤ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦

«ነይ ጥቁሯ፣ ነይ ግንባረ ነጯ፣
ውሃሽ መጣልሽ...»

ቦዩ ዳር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ቡና ነው እኮ የምታጥበው! ላም መሰለህ?»

«ይሄ ሰውዬ ቡናውን ሊያልበው ነው!»

አንገቴን ደፋሁ። ዝም ልል ስል ከማድረቂያ አልጋዎቹ በኩል፣ ሴቶቹ ቡና ከሚለቅሙበት፣ አንድ ድምፅ ተነሣ።

«መጣልሽ፣ መጣልሽ... ሆያ!»

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ልክ እንደ አገሬ! ሳቁ ቀጥ አለ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁና ቀጠልኩ። ላሞቹን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ያቺ ሴት አንድም አላስቀረችም፣ ሁሉንም መለሰችልኝ።

በምሳ ሰዓት ሄድኩባት።

«አንተ ነህ የመለስከው?» አልኳት። ያን ጊዜ አማርኛዬ ወንድና ሴት አይለይም ነበር።

«አንተ?!» ብላ አገጯን ዳሰሰች። «ጢም አወጣሁ እንዴ?»

«ይቅርታ... አንቺ። መልሱን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ዘፈንህ ቦታ ትቶ ነበር፤ ገባሁበት። ቋንቋውን እሰማለሁ፣ እናቴ ጉጂ ነበረች።»

ሩሃማ ትባላለች። ቤታቸው ኢዲዶ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ከጋሽ ዘነበ ጋር ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ትዘምራለች። አንገቷ ላይ እንቁላል የምታህል እንቅርት ነበረባት። በዚያ ደጋ ብርቅ አይደለም፣ ብዙ ሴት አለባት። ሩሃማ ስትዘፍን ያቺ እንቅርት አብራት ከፍ ዝቅ ትላለች። እኔ ያቺን እንቅርቷን ማየት እወድ ነበር። ይህንን ግን አንድም ቀን በአፌ አልነገርኳትም።

የነገርኳት ሌላ ነው።

«ድምፅሽን እወደዋለሁ።»

«ድምፄን ብቻ?»

«ድምፅሽን!» እላታለሁ እየሳቅሁ። አማርኛዬ ከዚያ አያልፍም ነበር። ትስቅና ትመታኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በእንሰቱ መሐል እየሄድን ጠየቀችኝ።

«ላሞቹ ሞተዋል አላልክም? ታዲያ ለምን ትጠራቸዋለህ?»

«ካልጠራኋቸውማ ጨርሰው ሞቱ።»

«እኔንም ጥራኝ» አለችኝ።

«ከላም ጋር?»

«ከላሞቹ በኋላ። መጨረሻ ላይ። እኔ አልቀናም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘፈኔ «ነይ ሩሃማ፣ ውሃሽ መጣልሽ» እያለ የሚያልቅ ሆነ።

«መልስ ከቀረ ትወጣለህ አይደል?» አለችኝ።

«እወጣለሁ።»

«እንግዲያው አታስብ። እስክሞት እመልስልሃለሁ።»

ሽማግሌ መላክ ነበረብኝ። አባቴ የለም፤ አጎቴ ሊበን ከያቤሎ መጣ። ወናጎ የሚያውቃቸውን ሁለት ሰዎች ይዞ ኢዲዶ ወጣ። ጠያቂው ራሱ አይሄድምና እኔ ማጠቢያው ጋ እጄን እያፍተለተልኩ ቀረሁ። አጎቴ ሲመለስ መፋቂያውን እያኘከ «አስበን እንነግራችኋለን አሉ» አለኝ። ሌላ ነገር አልነገረኝም። በማግስቱ ወደ አገሩ ወረደ።

ሩሃማም በማግስቱ ሥራ አልመጣችም። ማታ ደወለች።

«ዲላ አክስቴ ጋ ልቆይ ነው።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም! ስመለስ ታየኛለህ። አምሮብኝ ነው የምታየኝ።»

«አሁን ምን ጎደለሽና?»

«ዝፈንልኝ» አለችኝ። ዘፈንኩላት፣ መለሰችልኝ። የመጨረሻዋ መልስ መሆኗን የነገረኝ የለም።

ከዚያ ስልኳ ተዘጋ። ከብዙ ቀን በኋላ ተከፈተ፤ ስደውል ይነሣል፣ ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ከዚያ ይዘጋል።

«ሩሃማ? ሩሃማዬ! ተናገሪ እንጂ!»

ትንፋሽ ብቻ። ይዘጋል።

በማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ የሴቶቹ ኃላፊ ማንጠግቦሽ ናት፤ ምላሷ ቡና ይፈለፍላል። አንድ ቀን ከሩቅ ጠራችኝ።

«ሰማህ ቦረና? ያቺን ልጅህን ዲላ አየኋት። አንገቷ ላይ የሚያምር ሻርፕ ጠምጥማለች። 'ሩሃማ!' ብዬ ብጠራት፣ ዓይኔን አይታ ዝም ብላኝ አለፈች። ምን ኩራት ነው? ሻርፕ የሚያለብሳት አግኝታለች እኮ! አንተ የሞቱ ላሞችህን እየጠራህ ቁጭ በል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ኢዲዶ ተመልሳለች ሲሉ ሞተር ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ዘነበ መልስ ሳይሰጡ ግቢያቸው ዘው ማለት ነውር ነው። ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ቆምኩ። ፀሐይዋ ገና ነበረች፤ ጣሪያቸው ያብለጨልጫል።

ዘፈንኩ። ጥቁሯን ጠራሁ፣ ግንባረ ነጯን ጠራሁ፣ ሁሉንም ጠራሁ። መጨረሻ ላይ እሷን ጠራሁ።

«ነይ ሩሃማ፣ ውሃሽ መጣልሽ...»

ዝም።

እንደገና ጠራሁ። ጉሮሮዬ እስኪደማ ጠራሁ! ዝም።

ከዚያ ከግቢያቸው ቆርቆሮ ሲመታ ሰማሁ። ቀጭ! ቀጭ! ቀጭ! ሻርፕ ያሰረች ሴት ከእንሰቱ ጀርባ ብቅ ብላ ጣሳ በእንጨት ትቀጠቅጣለች። በዚያ አገር ጣሳ የሚመታው ለአንድ ነገር ነው። ዝንጀሮ በቆሎ ውስጥ ሲገባ እንደዚያ እየመቱ ያባርሩታል። እኔም አብሬ መትቼ አባርሬ አውቃለሁ።

ዝንጀሮ አደረገችኝ!

ከዚያ በላይ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ ኮረብታውን ወረድኩ። መልስ ከቀረ ይወጣል አይደል? ወጣሁ። የስልኬን ሲም ካርድ አውጥቼ ማጠቢያው ቦይ ውስጥ ጣልኩት። ውሃው ከቡናው ገለባ ጋር ይዞት ሄደ። በማግስቱ ወደ ያቤሎ የሚወርድ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

አጎቴ ሊበን ሀጅራ የምትባል ልጅ አጭቶልኝ ጠበቀኝ። አገባኋት። ሀጅራ ክፉ ብትሆን ምን ነበር! ደግ ናት። ማታ እግሬን ታጥበኛለች፣ ለምን እንደማልዘፍንም አትጠይቀኝም።

ዘንድሮ ዲላ ላይ የባህል ዘፈን በዓል ይደረጋል ተባለና ከቆላው አንድ ሰው ላኩ አሉ። ሌላ ቢጠፋ እኔን ላኩኝ። ስሜ በድምፅ ማጉያ ከተማውን ሲዞር ሰንብቶ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። መድረክ ላይ ባዶ ባልዲ አስይዘው አቆሙኝ። ውሃ የለበትም! ሕዝቡ በስልኩ ይቀርጸኛል።

ዘፈንኩ። የመልሱን ቦታ እየተውኩ ዘፈንኩ፤ የሚመልስ የለም። አንዳንዱ ያጨበጭባል፣ አንዳንዱ «እምቧ!» እያለ ይስቃል። ላሞቹን ጨረስኩ። ዝም ልል ነበር፤ አፌ ግን ልማዱን አልተወም።

«ነይ ሩሃማ፣ ውሃሽ መጣልሽ...»

ቀጭ፣ ቀጭ... ቀጭ!

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ከሕዝቡ መሐል ሻርፕ ያሰረች ሴት የተጨረመደ ጣሳ ከፍ አድርጋ ትመታለች። ሰዉ ዞሮ ይስቅባታል። ጥበቃው ክንዷን ያዛት።

«እብድ ናት፣ አውጧት!»

እየተጎተተች እንኳ አላቆመችም። ቀጭ፣ ቀጭ... ቀጭ! የኮረብታው ጣሳ በጆሮዬ ተመለሰ። ያም ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነበር። ዝንጀሮ በዜማ አይባረርም እኮ! ምነው ያን ቀን ትንሽ ቆሜ በሰማሁ?

ባልዲውን ጥዬ ከመድረክ ዘለልኩ። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ዛፍ ሥር ደረስኩባት።

«ሩሃማ!»

አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ነው። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«መለስኩልህ እኮ» አለችኝ። «ለምን ሄድክ?»

ሻርፑን ፈታችው። እንቅርቷ የለም። በቦታዋ ቀጭን ጠባሳ አንገቷን ዞሯል።

«ማን ነው... ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«አጎትህ ቤታችን የመጣ ቀን ውሃ ይዤለት ቆሜ ነበር። በጴንጤ ጌዴኦ ቤት ኦሮምኛ የሚሰማ የለም ብሎ፣ አብረውት ለመጡት ነገራቸው። 'አንገቷ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለች ጊደር በነፃ ቢሰጡኝም በረቴ አላስገባም' አለ። ውሃውን ሰጠሁትና ጠጣ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?!»

«እንዳታፍርብኝ ፈለግሁ። ለሠርጋችን እንቅርቴን ላስወጣት ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ስነቃ ድምፄ የለም። ሐኪሙ 'አንዳንዴ ይደርሳል፣ ይመለሳል፣ ጠብቂ' አለኝ። ጠበቅሁ።»

«ስደውል...»

«አፌን ከፍቼ ነበር፣ ጃተኒ። አልወጣ አለኝ።»

«መልእክት አትጽፊልኝም ነበር?»

ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም።

«ምን ብዬ? የወደድከው ድምፄን ነበር።»

«አንቺን ነበር! አንቺን!»

«እሱን አልነገርከኝማ» አለች። ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ያፏጫል። «ከሄድክ በኋላ ጻፍኩልህ። ሁልጊዜ ጻፍኩልህ። አልደረሰህም።»

ሲም ካርዴን የወሰደው የቦዩ ውሃ ትዝ አለኝ።

«አገባህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ማን ትባላለች?»

«ሀጅራ። ነፍሰ ጡር ናት።»

ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ልይዝ ስል ወደ ኋላ አለች።

«ነይ አብረን...» ብዬ ጀመርኩ።

«የት? ሁለተኛ ሚስት ልታደርገኝ?» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ያቺ ልጅ ምን አጠፋች? ስሟን ዘፈኑ ውስጥ አስገባላት።»

«አንቺስ?»

«እኔን አውጣኝ።»

«አልችልም ሩሃማ...»

«አውጣኝ» አለች። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ማልቀስ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ እንባዬን በሻርፗ የጠረገችልኝ ግን እሷ ናት። ከዚያ መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችው።

ከሰዓት ወደ አገሬ የሚወርደው አውቶቡስ ሞላ። በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። እሷ መናኸሪያው በር ላይ ጣሳዋን ታቅፋ ቆማለች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ፣ ላሞቹን አንድ በአንድ ጠራሁ። መጨረሻቸው ላይ ስደርስ አንዴ ቆምኩ። ከዚያ «ነይ ሀጅራ» አልኩ።

ከንፈሬን አይታ ነው መሰለኝ፣ ጣሳዋን አነሣች።

ቀጭ፣ ቀጭ... ቀጭ!

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ መንገዱ ተከፈተ። ጣሳው ከኋላዬ መምታቱን አላቆመም። አውቶቡሱን አስቁሜ አልወረድኩም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያወቅሁ፣ መልስ እየመጣልኝ ከጉድጓዱ ወጣሁ።