የንጉሡ የመጨረሻ ልምምድ

ሽማግሌው ተዋናይ ከመድረኩ በታች፣ ሲሚንቶው ላይ አንገቱ ተሰብሮ ተዘርግቷል። የቆርቆሮ ዘውዱ አጠገቡ ወድቋል። የጥንቱ እንግሊዛዊ ጸሐፌ ተውኔት የፈጠረውን ንጉሥ ሲጫወት ስለኖረ፣ እናቱ እንኳ እስክትሞት ድረስ «ንጉሡ» ነበር የምትለው።

መርማሪዋ አብሯት በመጣው ፖሊስ በሮቹን አስቆለፈች። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ አየሩ ታምቆ ላብ ላብ ይላል። ንጉሡ ሲወድቅ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው፦ ንግሥቲቱን የምትጫወተው ሚስቱ፣ አዘጋጁ፣ የመብራት ባለሙያውና ንጉሡ ቢታመም ሊተካው የተቀጠረው ተጠባባቂ ተዋናይ።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከመድረኩ ሥር ገባች። ንጉሡ የወደቀበት፣ ወደ ታች የሚከፈተው የመድረኩ ወለል በር መቀርቀሪያው ከታች በኩል ነው። አልተሰበረም፤ ተስቧል።

«ከእሱ በፊት በሩን የረገጠ አለ?» አለች ስትወጣ።

«እኔ አለሁ» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋ ሰልሏል። «ረግጬው አለፍኩ። እሱ ከኋላዬ ይመጣ ነበር።»

«መብራቱስ?»

«እሱ በሄደበት እየተከተልኩ ነበር» አለ ባለሙያው። «እጄን ባነሳ ኖሮ ይጨልምበት ነበር።»

ተጠባባቂው ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ሲወድቅ፣ ዘውዱ ከራሱ ላይ ተፈናጥሮ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ወይኔ ጋሼ!»

አዘጋጁ ከፊተኛው ወንበር አልተነሳም። «ዛሬ ነገረ ሥራው ሁሉ ግራ አጋብቶኝ ነበር» አለ። «ዘውዱን አውልቆ በእጁ ያዘ። ‹ጋሼ፣ ምን ነካህ?› ብዬ ጮኽኩ። ‹ቆይ፣ ታያለህ› አለኝ።»

መርማሪዋ ልጅ ሳለች አባቷ ይህንኑ ቴአትር አሳይቷታል። «ሰው እስከ ዛሬ ምን ፍለጋ ይመጣል? ቴአትሩ አርጅቷል እኮ» አለችው አዘጋጁን።

«ያረጀው ጸሐፊው ነው። ዙፋን አልለቅም ያለ ሽማግሌ በየቤቱ አለ። ሰው ትኬት የሚቆርጠው የገዛ አባቱን ሊያይ ነው» አለ አዘጋጁ።

አባቷ ያን ዕለት እንዳለቀሰ ትዝ አላት፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቃው አታውቅም።

ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ በሩን ረግጠው በሰላም አልፈዋል። ስለዚህ መቀርቀሪያው የተሳበው እሳቸው ካለፉ በኋላ፣ ንጉሡ ሳይደርስ ነው። የሳበው ሰው ያን ጊዜ ከሥር ነበር። እትዬ መድረኩ ላይ ናቸው። አዘጋጁ ከፊት ሆኖ ከንጉሡ ጋር ይነጋገራል። መብራቱም ከንጉሡ አልተለየም።» ወደ ተጠባባቂው ዞረች። «አንተ ዘውዱ ከራሱ ላይ ሲወድቅ አየሁ አልክ። ራሱ ላይ ግን አልነበረም። አላየህም፤ ከታች ሆነህ የቆርቆሮውን ድምፅ ሰማህ እንጂ።»

ተጠባባቂው በሮቹን አንድ በአንድ ቃኘ። ሁሉም ዝግ ናቸው።

«በየዓመቱ ‹የዘንድሮን ብቻ› ይለኛል» አለ በመጨረሻ። «ቃሉን ሁሉ አጥንቼ፣ ጨለማ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ፀጉሬ ሸበተ። ሰዉ መምጣቱን አያቆም፣ እሱ መጫወቱን አያቆም። ሰው እንዴት ጉንፋን እንኳ አይዘውም?»

ሚስቱ ቀስ ብላ ቀረበችው።

«ዘውዱን ያወለቀው ላንተ ሊደፋልህ ነበር። ‹እንዳትነግሪው፣ ሰው ፊት ላስደንግጠው› ብሎ አስምሎኛል።»

ፖሊሱ መጥቶ ሲይዘው፣ ተጠባባቂው እጁን እንደ ሕፃን ሰጠው።

«እትዬ… ምን ብሎ ነበር የሚሰጠኝ?»

«‹ልጄ፣ ደከመኝ› ሊልህ ነበር» አለችና ፊቷን አዞረች።