ጉልላቱን የያዘው ማን ነው?

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ካላመናችሁ ተዉት፤ ልለምናችሁ አልመጣሁም።

እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነኝ። ጥላ አየሁ፣ ኮቴ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ይሄ ወይ እንቅልፍ ያጣ ነው ወይ ሥራ የፈታ እላለሁ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው የታላቅ እህቴ ቤት ሰገነት።

ሥራዬ የሞተር በር ጥገና ነው። የግቢ በር፣ የሱቅ መዝጊያ... በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል።

የእህቴ ባል ደግሞ መነጽር ቤት አለው። ሰፈሩ «ጋሽ ፕላኔት» ይለዋል። ሰው ሰገነቱ ላይ ልብስ ሲያሰጣ፣ እሱ ጥግ ላይ ክብ ግንብ አስገነባ፤ በግንቡ ላይ ነጭ ጉልላት ደፋ፤ ውስጡ ቴሌስኮፕ ተከለ። ጉልላቱ በሞተር ይዞራል፤ ቴሌስኮፑ የሚያይበት መክፈቻ ወደፈለገው ሰማይ እንዲመጣለት።

የጎረቤቱን ስም በቅጡ የማያውቅ ሰው፣ የኮከብ ስም እንደ ውዳሴ ይደግማል።

ያን ሰሞን ታዲያ ጉልላቱ አልዞርም አለው። እሱም ሱቁን ዘጋ። እህል አልቀምስም ብሎ ሰገነት ላይ መዋል ጀመረ። እትዬ ደወለችልኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረችኝና በመጨረሻ፣ «ወይ መጥተህ ሥራለት፣ ወይ እኔ ልብሴን ልሸክፍ» አለችኝ።

እትዬ ሃያ ዓመት ችላ የኖረች ሴት ናት። ዕቃዬን አንስቼ ሄድኩ።

ስደርስ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል። በአፌ «ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?» አልኩት። በሆዴ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም።

«አልተበላሸም» አለ በሹክሹክታ።

«ካልተበላሸ ለምን አይዞርም?»

«ይዘውታል።»

ማን ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለውን ደንበኛ ለምጄዋለሁ። አንዷ ሟች ባሌ የግቢውን በር እየከፈተ ይገባል ብላ ስታለቅስ፣ የበሯ ሪሞት ከጎረቤቷ ሪሞት ጋር ተመሳስሎ ነው የተገኘው።

ሥራዬን ጀመርኩ።

በግንቡ ትንሽ በር ገብቼ ፊውዙን አየሁ... ደህና ነው። ቴስተር ሰካሁ... ኤሌክትሪኩ ይደርሳል። ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ያቃስታል፤ ጉልላቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ጉልላቱ የሚሄድባቸውን ትንንሽ ጎማዎች በጣቴ ነካካሁ። የተቀረቀረ ነገር የለም።

ወደ ውጭ ወጣሁና ጠርዙን በዓይኔ ዞርኩት።

አቧራው ላይ የመዳፍ አሻራ አለ። ከታች፣ ጠርዙን ይዞ... መዳፍ በመዳፍ ላይ።

ጉልላቱን የገጠሙት ሠራተኞች እጅ ነው አልኩ። ሲሠሩ እንኳ እጃቸውን የማይጠርጉ።

ከዚያ በመንገዱ በኩል አንገቴን አስግጌ አየሁ። በዚያ በኩል ግንቡ ከሕንፃው ጫፍ ጋር እኩል ነው። እግር ማሳረፊያ የለም። ከታች አስፋልቱ ነው ያለው።

አሻራው እዚያም አለ።

«ዝናብ ነው» አልኩት ጋሽ ፕላኔትን። ዝናብ አምስት ጣት እንደሌለው አላጣሁትም። ግን «አላልኩህም?» እንዲለኝ ዕድል ልሰጠው አልፈለግኩም።

በትንሿ በር ጎንበስ ብዬ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ብሎኖቹን ፈታሁና ሞተሩን ጉልላቱን ከሚያዞረው ጥርስ ላይ አነሳሁት። አሁን ጉልላቱ ነፃ ነው። ሕፃን ልጅ ቢገፋው መዞር አለበት።

ገፋሁ።

የጣት ያህል ሄደ... ከዚያ ያችኑ የጣት ያህል ተመለሰ።

ደግሜ ገፋሁ። ሄደ... ተመለሰ።

በር ስትገፉ፣ ከወዲያ በኩል ሌላ ሰው ደግፎ ሲይዘው ታውቁታላችሁ። በእንጨቱ ውስጥ የሰው ጉልበት ይሰማችኋል። እንደዚያ ነበር።

ጋሼ ተከትሎኝ ገብቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አንተ ከውጭ ግፋ፣ እኔ ከውስጥ እገፋለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ተወው... ከገፋኸው ይለቁታል።»

«ይልቀቁታ! ለዚህ አይደል የመጣሁት?»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሯ ከኋላው ገጭ አለች። ትንሽ ቆየሁና መዳፌን አስደግፌ፣ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁ።

መጀመሪያ እንቢ አለ...

ከዚያ ከውጭ አንድ ጉልበት ሲታከልልኝ ተሰማኝ። ጉልላቱ ተንገራገጨና ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።

«ጎሽ ጋሼ! በርታ!» አልኩ። ያንን ሰው ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው።

ከውጭ የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል። መኪና የሚገፋ ሰው እንደሚተነፍሰው... እህ... እህ... ለአንድ ሰው ትንሽ የበዛ መሰለኝ።

ስልኬ ጠራ። እትዬ ናት።

«ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ። «አጠገቤ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል።»

«ማን?»

«ባሌ ነዋ።»

«መቼ ወረደ?»

«ቆየ እኮ...»

እጄን ከጉልላቱ ላይ አነሳሁ።

መዞሩን አላቆመም።

መክፈቻው በደንብ ስላልተገጠመ፣ በስንጥቁ ቀጭን ብርሃን ይገባል። ጉልላቱ ሲዞር ብርሃኑም ግድግዳው ላይ ይዞራል። አንድ ሰው ከውጭ እንዳለፈ ሁሉ ጥፍት ይላል... ይመለሳል። ጥፍት ይላል... ይመለሳል። በመንገዱ በኩል ሲደርስም እንዲሁ።

ዕቃዬን እንዳለ ጥዬ ወጣሁ። ፈሪ በሉኝ። እናንተ ብትሆኑ በሯን ማግኘታችሁንም እጠራጠራለሁ።

ሰገነቱ ላይ ማንም አልነበረም። ነጩ ጉልላት በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሞተር፣ ቀስ ብሎ ይዞር ነበር።

በሳምንቱ ክሬን መጥቶ አወረደው። የጫኑት ሰዎች እየቀለዱ ወሰዱት። ጋሼ ሱቁን ከፈተ፤ መብላትም ጀመረ። እትዬ እፎይ አለች። እኔም ጉዳዩ አለቀ ብዬ፣ ሲያወሩት በሰማሁ ቁጥር አፌን አጣምሜ ወሬ ማስቀየር ጀመርኩ።

አንድ እሁድ ለምሳ ጠሩኝ። በልተን ስናበቃ ጋሼን ከማዕዱ አጣነው። እትዬ ጥራልኝ አለችኝና ወደ ሰገነት ወጣሁ።

ክብ ግንቡ ብቻ ቀርቷል። በላዩ ባዶ ሰማይ ነው። እሱ መሃል ገብቷል። ሁለት መዳፉን ወደፊት ዘርግቶ፣ እግሮቹን ወደኋላ ተክሎ፣ በሙሉ ክብደቱ አየር ላይ ተደግፏል። ቀስ እያለ፣ እያለከለከ፣ ዙሪያውን ይሄዳል።

ሲያየኝ ደስ አለው። ወደ አንድ ጎን ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«መጣህ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ና፣ በዚህ በኩል ያዝ።»

ሰው እንደዚያ ዘንበል ብሎ በአየር ላይ ሊቆም አይችልም። በግንባሩ ይደፋል።

እሱ አልተደፋም።