የኬኩ ስንጥቅ

የጂኦሎጂ መምህርቷ የሞተችው ምድርን ቀምሳ ነው። ምድሪቱ ባለ ሦስት ድርብ ኬክ ነበረች፦ ከታች ቡናማ፣ መሃል ነጭ፣ ላዩ አረንጓዴ ክሬም። ተማሪዎቹ በስትሮ እየወጉ የንጣፎቹን ናሙና ሊያወጡ ተሰልፈው ሳለ እሷ ቀድማ ቀመሰች፤ ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ኦቾሎኒ አይስማማትም ነበር፤ ኬኩ ውስጥም ኦቾሎኒ ተገኘ።

መርማሪዋ ብዙ አልደከመችም። ኬኩን የጋገረው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ አለርጂዋን የሚያውቅም እሱ ብቻ ነው። በኬክ ቤቱ፣ በደንበኞቹ ፊት ካቴና አጥልቃበት ወሰደችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ የኬኩ የላብራቶሪ ውጤት ደረሰ፤ መርማሪዋ አንብባው ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠች።

«እትዬ፣ ኬኩን ማን ተቀበለ?» አለቻት የጽዳት ሠራተኛዋን።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። መምህራን ክፍል አስቀመጥኩት። እንደ ሙሽራ ያማረ፣ ጭረት እንኳ የሌለው!»

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ምክትል ርዕሰ መምህሩ፤ ቁርሳቸውን ይበላሉ።»

«ብቻቸውን?»

«አብሯቸው ለመቀመጥ እኮ ማመልከቻ ያስፈልጋል!»

መማሪያ ክፍሉ እንደተዘጋ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሟች ጽሑፍ አለ፦ «የታችኛው ንጣፍ ይቀድማል። ንጣፎችን ሰንጥቆ የገባ ግን ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው።» መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችው፤ ፊቷ ጋለ። በመጀመሪያው ቀንም እዚያው ተጽፎ ነበር፤ እሷ ናት ቀና ብላ ያላየችው።

የሚመለከታቸውን ሁሉ እዚያው ሰበሰበቻቸው፤ ወንድምየውም ከነካቴናው መጣ።

«ኦቾሎኒው ሊጡ ውስጥ የለም፤ ክሬሙም ውስጥ የለም» አለች። «ያለው ከላይ እስከ ታች በወረደ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቁ ክሬሙንም ከፍሎታል፤ ስለዚህ ኬኩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመጣ ነው። እትዬ ሲያስቀምጡት ደግሞ ስንጥቅ አልነበረውም። ሌላም አለ፤ ከኦቾሎኒው ጋር የዳቦ ፍርፋሪ ተገኝቷል። ስንጥቁ ዳቦ ሲቀባበት በነበረ ቢላ ነው የተደፈነው። ጋሼ፣ ቁርስዎ ምን ነበር?»

ምክትሉ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

«ዳቦ… በኦቾሎኒ ቅቤ። ለሻዬ ቦታ ላገኝ ገፋ ባደርገው ተሰነጠቀ። ምክትሉ ኬክ ሰበረ ሊባል ነው ብዬ ደፈንኩት፤ ክሬሙንም መለስ አደረግኩበት። አለርጂዋን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ያውቃል!»

«አምናለሁ። ግን እርስዎ ትምህርቱን ሊገመግሙ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ተማሪዎቹ ነግረውኛል፤ እንደቀመሰች ‹ኦቾሎኒ አለው እንዴ?› ብላ ጠይቃለች።»

«‹ወንድሜ ነው የጋገረው፣ አይሆንም› ብላ ራሷ መለሰች» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «የአለርጂ መድኃኒት መርፌዋ ለካ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አለው ብላት ታወጣው ነበር። ግን ያ ሁሉ ተማሪ እያየኝ… አፈርኩ።»

«እሱ ሲታሰርስ?»

«ያን ጊዜማ ይብሱን አፈርኩ።»

መርማሪዋ የወንድምየውን ካቴና ፈታች። «ይቅርታ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ዓይኑን ለማየት ግን አቅም አጣች።

እሱ አንጓውን እያሻሸ ወደ ምክትሉ ዞረ።

«ጋሼ፣ እኔ ሱቅ የተሰነጠቀ ኬክ በየቀኑ ይሸጣል» አለ ቀስ ብሎ። «አንድም ሰው ማን ሰበረው ብሎኝ አያውቅም።»