ናዕማ ያልከፈተችው ጎሚስታ ቤት

ስሜ ወለተሥላሴ ነው። አቃቂ በሰቃ መጥታችሁ "ከሰል ቸርቻሪዋ የታለች?" ብትሉ ሕፃኑም ያሳያችኋል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ልጆቼን ሁሉ ለወግ ያበቃሁት በዚህ በጠቆረ እጄ ነው፤ እጄን አይቶ የሚያዝንልኝ ሰው ካለ ሐዘኑን ለራሱ ይያዘው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ስለ ናዕማ ነው። ትንሽ ገንዘብ ቋጥራችሁ "ምን ሥራ ልጀምር?" እያላችሁ የምታስቡ ስሙኝ። "ይህን ክፈት፣ ያንን እንዳትከፍት" እያላችሁ የምታዙ ዘመዶች ደግሞ ከሁሉ በፊት እናንተ ስሙኝ።

የናዕማ አባት ደርዊሽ ከወሎ በጭነት መኪና ረዳትነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪኖች ጉምሩክ ለመግባት ከሚሰለፉበት አጠገብ፣ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፣ ንፋስ ይሞላል። አንድ ያረጀ ትልቅ ጎማ በነጭ ቀለም "ጎሚስታ" ብሎ ጽፎበት መንገዱ ዳር አቁሞ ነበር፤ ማስታወቂያው እሱ ነው። ናዕማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን እዚያ ጎማ ውስጥ ትወሽቅና አባቷ ጎን ትቀመጣለች። ጎማ ሲተነፍስ በጆሮዋ ሰምታ ቀዳዳው የት ጋ እንደሆነ በጣቷ ታሳየው ነበር። ሾፌሮቹም "ትንሿ ጎሚስታ" ይሏታል። እናቷ ኡምሰልማ ይህን ስትሰማ ደሟ ይፈላል።

ልጅቷ አደገችና እንደ ብዙዎቹ አረብ አገር ሄደች። እዚያ የሰው ቤት ስታጥብ አባቷ እዚህ ሞተ፤ አልቀበረችውም። ስትመለስ ከስታ፣ ዝምተኛ ሆና፣ ግን ትንሽ ጥሪት ይዛ መጣች። ገንዘቧ አንድ ሥራ በደንብ ለመጀመር ትበቃለች፤ ያ ቢበላሽ ሁለተኛ ለመሞከር ግን አትበቃም። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ።

እሁድ ቀን እነሱ ቤት ቁጭ ብለናል። ታላቅ ወንድሟ አቡዘርም ነበር። አቡዘር ከተማ ውስጥ ቢሮ ይሠራል፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይቶ ይኖራል።

"እማዬ፣ የአባዬን ቦታ ልከፍተው ነው" አለች ናዕማ። "እዚህ ብየዳ ቤት ያገለገለ የንፋስ መሙያ ኮምፕረሰር አግኝቻለሁ። መኪና ማንሻው ክሪኩም ብረቶቹም የአባዬ አሉ። ሾፌሮቹ እስካሁን እየቆሙ 'ደርዊሽ የት ሄደ?' ይላሉ እኮ።"

ኡምሰልማ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "ምን አልሽ? ሴት ልጅ? አስፋልት ላይ እግሯን አንፈራጥጣ?"

"ሱሪ እለብሳለሁ።"

"ሱሪሽን ይዘሽ ገደል ግቢ!"

አቡዘር ገላጋይ መስሎ ገባ። "ናዕሚ፣ አረብ አገር ደርሰሽ መጥተሽ እጅሽን በግራሶ ልትለቀልቂ? እኔ 'የጎሚስታው ልጅ' እየተባልኩ ስንቴ ተደባድቤአለሁ። ይልቅ እኛ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤቱ ላይ ሱቅ ተገኝቷል። ቡቲክ ክፈቺ። መስታወት በመስታወት እናደርገዋለን። ሰው ሲያይሽ ሰው ትመስያለሽ።"

ናዕማ ሸሚዙን አየት አድርጋ "አቡዬ፣ ይቺን ሸሚዝ ከየት ገዛሃት?" አለችው።

"ከሳሪስ ነዋ። ከሥራ ስመለስ ታክሲ የምቀይረው እዚያ አይደል?"

"ካልሲህንስ?"

"ከሳሪስ! ምን ሆነሻል፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። እኔ አላስቻለኝም። "ልጅቷ የምትልህ ገብቶሃል?" አልኩት። "አንተ ራስህ በጨለማ ወጥተህ በጨለማ የምትገባበት ሰፈር፣ ቀን ማን ቁጭ ብሎ ልብስ ሊገዛት ነው? ድመት?"

"እማማ፣ አንቱ ደግሞ ከሰልዎን ይሽጡ። ይሄ ዘመናዊ ሥራ ነው።"

ኡምሰልማ ተቀበለችው። "እሷማ እጇ ስለጠቆረ የሰው ልጅ እጅ ሁሉ እንዲጠቁር ትፈልጋለች።"

"የጠቆረ እጅ ታጥቦ ይበላበታል" አልኳት። "የነጣ ኪስ ግን ምን ይበላበታል?"

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደህና ነበር። ኡምሰልማ ግን ተነሥታ ቀሚሷን ደረቷ ላይ ጨምድዳ ይዛ፣ "ናዕማ! ግራሶ ከነካሽ ይሄ ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ!" አለች።

እናት በጡቷ ስትምል እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ምን ይላል? አንገቷን ደፋች። "እሺ እማዬ" አለች። ልጅቷ የሞተችው ያን ቀን በዚያች "እሺ" ነው። ባሕሩ ኋላ ነው የመጣው።

ቡቲኩ ተከፈተ። ኪራዩ አስቀድሞ ተከፈለ። መስታወት ተገጠመ፣ መብራት ተንቆጠቆጠ፣ ልብስ የሚያለብሷቸው ራስ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ተገዙ። ከዚያ ደግሞ ምርቃት። ለእስላሞቹ በግ ታረደ፤ እኛ ክርስቲያኖቹ እንዳይከፋን ለኛ ለብቻ ሌላ ታረደ። ዱዓ ተደረገ፣ ለስላሳው በሳጥን ገባ፣ አቡዘር የቢሮ ጓደኞቹን ሰብስቦ መጣ። በላን። እኔም በልቻለሁ፤ ሥጋው ጣፋጭ ነበር። ለሸቀጡ የቀረው ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው፤ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። ከሁላችንም ማንም ተመልሶ አንዲት ሻርፕ አልገዛትም። መራቂ ሁሉ ገዢ አይደለም።

አንድ ማክሰኞ ቀን ላያት ሄድኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ጭር ብሏል፤ ልብስ ብቻ ሽቦ ላይ ይወዛወዛል። ናዕማ መስታወቱን እየወለወለች አገኘኋት።

"ገበያ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ጠዋት ሰዉ አውቶቡስ ሊይዝ እየሮጠ ያልፋል፣ እማማ። ማታ እየሮጠ ይገባል። ቀን እኔና እነዚህ ነን" ብላ አሻንጉሊቶቹን አሳየችኝ። "ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ያቺ ኢሽራቅ ናት፤ ጥሩ ጓደኛ ናት፣ አፍ ስለሌላት አታማኝም።"

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቃችን ሳያልቅ አንድ ባጃጅ በደጁ አለፈ። ናዕማ ጨርቁን እንደያዘች ጆሮዋን ቀጥ አደረገች።

"ሰሙት? የኋላው ጎማ እየተነፈሰ ነው። አስፋልቱ ጋ ሳይደርስ ያልቅበታል።"

"ታዲያ ውጪና ንገሪው!"

እጀታውን ያዘች። ከዚያ ለቀቀችው። "እማዬ ትሰማለች" አለች።

ባጃጁ ሄደ። እሷ መስታወቱን መወልወሏን ቀጠለች፤ ያ መስታወት ከመጀመሪያውም አልቆሸሸም ነበር።

አቡዘር "ታገሺ፣ ሰዉ ይለምድሻል" ይላት ነበር። ሰዉ ሳይለምዳት ኪራዩ አለቀ። አከራዩ የሚቀጥለውን ጠየቀ፤ የለም። ሱቁ ተዘጋ። ልብሱ በወረደ ዋጋ ተሸጠ፤ መስታወቱና መብራቱ እዚያው ቀረ፤ አሻንጉሊቶቹ ኡምሰልማ ጓሮ ተጣሉ። ብየዳ ቤት የነበረውን ኮምፕረሰር ሌላ ሰው ከገዛው ቆይቷል። ኡምሰልማ ደግሞ ይህ ሁሉ ሆኖ ወሬዋ "ቡቲኩ ዕድል ነሣት" ነበር እንጂ፣ መሐላዋን አላነሣችም።

ትንሽ ቆይታ ናዕማ "አፋር፣ ሎግያ ዘመድ አለን፤ ምግብ ቤት ከፍታለች፣ ነይ ሥሪ ብላኛለች" አለችን። የሚወስዳት የአባቷ ወዳጅ የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ሀይረዲን ነው። ጠዋት ልትሰናበተኝ መጣች። ጉንጬን ስማ፣ ከሰል የነካ እጄን ደግሞ አገላብጣ ሳመችው። እኔ ሞኟ ወደ ሎግያ የምትሄድ መስሎኝ መረቅኳት።

ከዚያ ወሬ ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት የማናውቃት ልጅ ከጅቡቲ ለኡምሰልማ ስልክ ደወለች። ናዕማ ከእሷ ጋር ወደ አረብ አገር በጀልባ ተሳፍራ ነበር። ጀልባዋ ተገለበጠች። ደዋይዋ ተረፈች፤ ናዕማ አልተረፈችም። አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም። እንዲሁ ለቅሶ ተቀመጥን።

ሀይረዲን ሰምቶ እያለቀሰ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ኡምሰልማ እግር ሥር ወደቀ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ዘመድ ቤት ነው አለችኝ፣ አመንኳት። ባውቅ ኖሮ ከመኪናው ጎትቼ አወርዳት አልነበር?" አለ። ትንሽ ተንሰቅስቆ ቀጠለ። "ከአዋሽ ወዲያ በረሃው ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። እኔ መፍቻዬን ስፈልግ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ክሪኩን ገጥማለች። ልክ ደርዊሽን! እንደሱ በጉልበቷ ደገፍ ብላ። ስትጨርስ እጇን ቆማ አየችው፤ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። አሸተተችው፣ እትዬ። 'አባዬን አባዬን ይላል' ብላ ሳቀች። እኔም 'ነይ እንመለስ፤ ሾፌሮቹ አዋጥተን እንከፍትልሻለን' አልኳት።"

ኡምሰልማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። "ምን አለችህ?"

ሀይረዲን መሬት መሬት አየ።

"ተናገር እንጂ! ልጄ ምን አለች?"

"'እማዬ በጡቷ ምላለች' አለች። ከዚያ ናፍታ አምጣልኝ ብላ እጇን እስኪነጣ አሸችው።"

ኡምሰልማ አልጮኸችም፤ ደረቷንም አልመታችም። መዳፏን ጡቷ ላይ አድርጋ፣ የሚያማት ቦታ እንደሆነ ሁሉ፣ እንደዚያው ቆየች። አቡዘር ወጥቶ ከግድግዳው ጋር ተደግፎ አለቀሰ። እሱ ዛሬም በሳሪስ በኩል ነው ሥራ የሚሄደው፤ ሱቆቹ ጋ ስደርስ አቀርቅሬ ነው የማልፈው ብሎኛል።

እንግዲህ የምላችሁን ስሙ። ትንሽ ገንዘብ ስህተት አትችልም፤ ባለጸጋ ቢሳሳት ሌላ ሱቅ ይከፍታል፣ ድሃ ከተሳሳተ ስደት ነው። ስለዚህ ለሰው ዓይን አትክፈቱባት። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ልትከፍቱ ያሰባችሁበት ደጅ ላይ አንድ የሥራ ቀን ሙሉ ቁሙ፤ ማን ያልፋል፣ ምን ፈልጎ ያልፋል? እጃችሁ የሚያውቀውን ሥራ ለማታውቁት ጌጥ አትለውጡ። የምርቃቱ በግ ይቅርባችሁ፤ ሸቀጥ ግዙበት። እናንተም እናቶች፣ ጡት ያጠባችሁት ልጅ እንዲያድግበት ነው፤ ማነቆ አታድርጉት። ነውር ነው የምትሉት ግራሶ በሳሙና ይለቃል። የናዕማን እናት ጸጸት ግን በምን እንጠበው?

ኡምሰልማ አሁን በየጠዋቱ ወደዚያ መንገድ ዳር ትሄዳለች። የደርዊሽ ጎማ እስካሁን ቆሟል፤ ነጩ ቀለም ደብዝዟል። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለትና አጠገቡ ትቀመጣለች። አንድ ቀን እኔም አብሬያት ሳለሁ አንድ ከባድ መኪና ጥግ ይዞ ቆመ፤ የፊት ጎማው ተኝቷል። ወጣት ሾፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"እማማ፣ ጎሚስታው የለም እንዴ?"

ኡምሰልማ ጎማውን ተደግፋ ተነሣች።

"ጎሚስታዋ ልጄ ነበረች" አለችው። "እዚህ መንገድ ላይ እንደሷ ያለ ጎሚስታ አልነበረም።"

ልጁ "አላህ ይርሐማት" ብሎ በተኛ ጎማው እያዘገመ ሄደ። ኡምሰልማ ተመልሳ ተቀመጠች። ይህን ንግግሯን ናዕማ በሕይወት ሳለች ብትሰማው ኖሮ፣ የዚያ መኪና ጎማ እዚያው ተለጥፎ፣ እኛም ስንሳደብና ስንሳሳቅ በዋልን ነበር።