ማንኪያው ዝም ሲል

ስንዱ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው እናቷን ማገላበጥ ነው። ከዚያ ምድጃው፣ ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ ራሷ፤ ራሷ ላይ እንኳ ብዙ ጊዜ አትደርስም። የእናቷ አልጋ ጠያቂ እንዳይቸገር ተብሎ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል። የድሮ የብረት አልጋ ነው፣ ሲነኩት የሚያቃስት፤ ቤቱም የዴቶል፣ የቅባት፣ ያልደረቀ አንሶላና የታመቀ ትንፋሽ ሽታ ተሸክሞ ይውላል። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ልብስ አይደርቅም። ጉሙ በር ሲከፈትለት እንደ ዘመድ ዘው ብሎ ይገባል።

እናቷ ወይዘሮ አሰለፈች ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል፤ አንደበቷም ተይዟል። የቀራት ቀኝ እጇ ነው። በእሱ የሻይ ማንኪያ ይዛ የአልጋውን ብረት ትመታለች፤ ቀስ ብላ ከመታች ውሃ ነው፣ ደገም ካደረገች ሽንት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፣ እናትና ልጅ ተግባቡ፣ አለቀ። ስንዱ ያልገባት ሌላ አመታት ግን ነበር። ስታገላብጣት፣ ዳሌዋ ላይ የተላጠውን ቁስል ስታይ፣ ሰው የሚወደውን ሰው ሲያመው የሚለውን ትላለች፦ «እኔን! እኔን እማዬ፣ እኔን ያርገኝ!» ይሄኔ ማንኪያው ይጀምራል። ያለ ፋታ፣ ብረቱ እስኪጮህ፣ የጣቷ አንጓ እስኪነጣ ትመታለች፤ ዓይኗ ፈጦ ልጇ አፍ ላይ ይተከላል። ስንዱ ሕመሙ የጠናባት ይመስላትና ይበልጥ «እኔን፣ እኔን» ትላለች።

ጠያቂ አይጠፋም። ብርቱካን ይዘው፣ አምቦ ውሃ ይዘው፣ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አራግፈው ይገባሉ። «እንዴት አደረች? እህል ቀመሰች? እግዜር ይማርሽ፣ ምሕረቱን ያውርድልሽ» ብለው፣ ለደንቆሮ እንደሚናገር ሰው ጮክ ብለው መርቀው ይወጣሉ። «አንቺስ?» ያላት ሰው ትዝ አይላትም። መጀመሪያ መጀመሪያ ቅር ይላት ነበር፤ ኋላ ቅሬታውም ተዋት። አሁን ሰው ሲገባ ወንበር ታቀርባለች፣ ሲወጣ ወንበሩን ትመልሳለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን ሲስተር ሙሉዓለም የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ መጣችና ወንበሩን አዙራ፣ ጀርባዋን ለአልጋው፣ ፊቷን ለስንዱ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ዛሬ የመጣሁት ላንቺ ነው» አለች። «አስታማሚዎችንም መጠየቅ ጀምረናል። እንቅልፍ አለሽ?»

«አሁን ደህና ታድራለች።»

«እሷን አይደለም እኮ ያልኩሽ፣ አንቺን!»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ሲስተር።»

«ምን ያስፈልግሻል?»

«ዳይፐር አልቋል።»

ሲስተር ሙሉዓለም ተነፈሰች። «ለራስሽ፣ ስንዱ። ለራስሽ!»

ስንዱ ውስጧን ፈተሸችው፣ ኪሱን እንደሚፈትሽ ሰው፤ ባዶ ነበር። ሌላ ሰው የሚናገር እየመሰላት «አንድ ቀን መተኛት» አለች። «ማንም ሳይጠራኝ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«ሌላ የሚያግዝሽ የለም?»

«እህት አለችኝ፣ ብርቄ። አዳማ ነው ያለችው። ልታገባ ነው። እንድትመጣ አልፈልግም፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንትረፍ።» ሲስተሯ የብርቄን ስልክ ለክፉም ለደጉም ብላ ተቀበለቻት።

«ለመሆኑ ሕመሙ እንዴት ጀመራት?»

«አንኮበር አክስቴን ልታስታምም ሄዳ ነው። አክስቴ የአልጋ ቁራኛ ነበረች። የእግዜር ሥራ፣ እሷ ድና ተነሳች፣ እናቴ ተኝታ መጣች።»

ማንኪያው ብረቱን መታ። ሲስተር ሙሉዓለም ክው አለች፤ ወዲያው በራሷ ድንጋጤ ሳቀችና «ሰማችን መሰለኝ!» አለች። ስንዱ ውሃ ልታመጣ ተነሳች።

ያ ሰሞን አለፈ። አንድ ማለዳ ስንዱ እናቷን አገላበጠቻት፣ ቁስሉን አየችው፣ «እኔን» አለችና ጆሮዋን ለጩኸቱ አዘጋጀች። ጩኸቱ አልመጣም። ማንኪያው ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል፤ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ተመስገን፣ አለች ስንዱ በልቧ፣ ዛሬስ አላመማትም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእናቷ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ተንቀሳቀሰች። ጎረቤት ተጠራ፤ እልል ተባለ፤ ስለት ያለባት ስለቷን አሰበች። ስንዱም እልል ለማለት ፈልጋ ነበር፣ ግን ደስታው ከሩቅ ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ሆነባት። ማምሻውን አንሶላ ስታጥብ የራሷ የግራ እጅ ትንሿ ጣት አልሰማ አለቻት። የደብረ ብርሃን ውሃ ድንጋይ ይሰነጥቃል እንኳን ጣት ብላ አሸት አሸት አደረገቻት፤ ከዚያ ረሳቻት።

ነሐሴ ገባ፣ እናቷም ወዝ እየገባላት ሄደ። ጠያቂዎቹ «ወይ ተአምር!» ይላሉ፣ ክንዷን እያነሱ፣ ጣቷን እየቆጠሩ። ማንም ወደ ጓዳ አላየም። ጓዳ ውስጥ ስንዱ ሽንኩርት ስትከትፍ ነጩ ቀልቶ አየችው፤ ጣቷ መቆረጡን ያወቀችው ከሽንኩርቱ ነው። ሌላ ቀን የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ድስቱን ከፈተች፣ ደህና ነው፤ ጨርቁን አነሳች፣ ደህና ነው፤ ሽታው ግን ወፈረ፣ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸት ዓይነት ሽታ። ዞር ዞር ብላ ስትፈልግ ቆይታ ነው የግራ መዳፏን ምድጃው ላይ ተደግፎ ያገኘችው። አነሳችው፣ አየችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው። ማልቀስ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን እንባም እንደ እጁ ሩቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእርምጃ ድምፅ መጣ። ጉሙ መስኮቱን በደፈነበት ቀትር፣ መብራት በጠፋበት፣ ስንዱ ጓዳ ሆና ሳሎኑ ውስጥ አንድ እግር ሲረግጥ፣ ሌላው ሲጎተት፣ ሲረግጥ፣ ሲጎተት ሰማች። መጋረጃውን ስትገልጥ እናቷ እንደ ተኛች ናት፣ ፊቷ ወደ ግድግዳ። ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ ገለጥ አደረገችው። የእናቷ ውስጥ እግር እርጥብ ነበር፣ የደጃፉ ጭቃ ተለጥፎበታል።

«እማዬ፣ ተነስተሽ ነበር እንዴ?» ልትል ፈለገች። ምላሷ አፏ ውስጥ ተጋደመ፤ የወጣው ቃል አልነበረም።

እናቷ ዘወር አለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና፣ ያ ስንት ዘመን የተዘጋ አንደበት፣ «ልጄ» አለ፣ ጥርት ብሎ። «ይቅር በይኝ።»

ለድካሜ ነው ይቅርታ የምትለኝ፣ ብላ አሰበች ስንዱ፤ ወለሉ ወደ እሷ ሲመጣ አየች፣ ሲመታት ግን አልተሰማትም።

ስትነቃ በላይዋ ያለው መስኮት የሳሎኑ መስኮት ነበር። ሥሯ ያለው ብረት አቃሰተ። ጠንካራ እጆች በብብቷ ገብተው ገለበጧት፣ ጀርባዋን በሞቀ ውሃ ጠረጉ፣ ቅባት ቀቡ፤ የእናቷ እጆች ናቸው። አሰለፈች ስታነክስ ላየቻት ጫጩት እንኳ «እኔን» የምትል ሴት ነበረች፣ ሰፈሩ ያውቃል። አሁን በልጇ ዳሌ ላይ የጀመረውን ቁስል አየች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ፤ ከንፈሯን ግን እስኪነጣ ነክሳ ያዘችው። አንዲት ቃል ሳትወጣት አለበሰቻት፣ በቀኝ እጇም ማንኪያውን አስያዘቻት። ያን አመታት ስንዱ ያን ጊዜ አወቀችው፤ «ያን ቃል አትበይ» ማለት ነበር።

ሲስተር ሙሉዓለም ስትመጣ ወንበሩን አዙራ፣ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ተቀመጠች።

«አይ የስንዱ ነገር! ብቻዋን ለፍታ ነው የወደቀችው። እርስዎስ እናቴ፣ እንዴት ነዎት?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ» አለች አሰለፈች።

«ብቻዎን አይችሉም። ለብርቄ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ ዛሬ ትገባለች።»

አሰለፈች ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ኧረ በእመቤቴ! እሷ ትቅር! እኔ እበቃታለሁ፣ እሷ ትቅር!»

«ይተዉ እንጂ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደል» አለች ሲስተሯ፣ እጇን ጨብጣ። አሰለፈች ከልጇ ዓይን ሸሽታ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ተከትሏት ወደቀ።

ብርቄ የቆላ ሙቀትና የሽቶ ሽታ ይዛ ገባች፣ ሻንጣዋ ገና በትከሻዋ እንዳለ፣ የቀለበት ጣቷ እያበራ። አልጋውን አየች። ሻንጣው ወደቀ።

«እኔን! እኔን ስንድዬ፣ እኔን ያርገኝ!»

ስንዱ መታች። ያላትን ጉልበት ሁሉ ቀኝ እጇ ላይ ሰብስባ፣ ዓይኗን እህቷ አፍ ላይ ተክላ፣ ብረቱ እስኪጮህ መታች። ዝም በይ፣ ውጪ፣ ሂጂ፣ እያለች መታች። ብርቄ ግን ተንበርክካ ያን የደነዘዘ የግራ እጅ ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። «አመመሽ? የት ላይ ነው? እኔን እህቴ፣ እኔን።» ስንዱ መታች። ጓዳ ውስጥ የእናቷ ልቅሶ ይሰማል። መታች፣ ክንዷ ዛለ፣ መታች። ከዚያ ከሐምሌ ወዲህ አልሰማ ያለቻት የግራ እጇ ትንሿ ጣት ውርር አደረጋት፤ የእህቷ ጉንጭ ሙቀት ተሰማት፣ የእንባዋ እርጥበት ተሰማት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር፣ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ።

ስንዱ ማንኪያውን ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።