አሥር ጊዜ መሸነፍ

ጸሐዩ የሞተው ነሐሴ 10 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ሰቆጣ በሙሉ የፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ሳለ ነው። ሬሳውን ያገኙት ቤታቸውን ለኮምፒውተር ማሰልጠኛ ያከራዩት ወይዘሮ ቦሰና ናቸው። ከቅዳሴው በኋላ ለጉባኤ ቆይተው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የማሰልጠኛውን በር ቢገፉት የቤንዚን ጭስ ፊታቸው ላይ ተደፋ። አሠልጣኙ ጸሐዩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቷል። ዘወትር ውጭ በረንዳው ላይ የሚቆመው ጄኔሬተር ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ቤንዚኑን ጨርሶ ጠፍቷል።

የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር በሪሁን ሬሳውን ገና ከደጅ ሆኖ አይቶ ነገሩን ጨረሰው። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ዝናብ መጣ፤ ልጁ ጄኔሬተሩን አስገባ፤ ጭሱ ገደለው። አለቀ፣ ደቀቀ። ኢንስፔክተር ጥሩሐረግን ያስጠራትም ይህንኑ ጽፋ እንድትፈርም ነው። ምስኪን ሰውዬ! ነገሩ እንዲያ እንዲያልቅለት ከፈለገ ራሱ ጽፎ ራሱ መፈረም ነበረበት። ጥሩሐረግ ሃምሳ ዓመት ያለፋት የሰቆጣ ተወላጅ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን አይቶ የማይጠግብ።

«ጄኔሬተሩን ማን አስገባው?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ ነዋ፤ ሌላ ማን አለ?»

ሁለት ፖሊሶች ጄኔሬተሩን እንዲያነሡት አዘዘች፤ እያቃሰቱ አነሡት። የጸሐዩ ግራ እግር ደግሞ ከልጅነቱ በፖሊዮ የሰለለ ነው፤ ያለ ክራንች አንድ እርምጃ አይራመድም። ክራንቹ አጠገቡ የለም። ውጭ፣ በረንዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ጥሩሐረግ ጎንበስ ብላ የሱሪውን ጉልበቶች አየች፤ ሁለቱም በወለሉ አቧራ ነጥተዋል። ጥፍሮቹ ተሰብረዋል፤ ከሥራቸው የበሩ አረንጓዴ ቀለም ገብቷል። የብረቱ በር ግርጌው ተልጧል። መቀርቀሪያው ደግሞ በውጭ በኩል ነው።

ቀና አለች፤ በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይታ እንዲህ ያለ ጭካኔ አላየችም።

«አንድ ሰው ክራንቹን ወስዶ በሩን ከውጭ ቀርቅሮበታል» አለች። «ልጁ ተስቦ በሩ ድረስ መጥቶ ቧጥጧል። ከሞተ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ የተመለሰው። ይህ አደጋ አይደለም፣ ኮማንደር።»

አዛዡ አደጋውን ለመተው አልተቸገረም፤ ወዲያው ገዳይ አገኘለት። ጄኔሬተሩን በየቀኑ የሚያወጣና የሚያስገባ የማሰልጠኛው ዘበኛ ቅጣው ነው፤ ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ በኩል የመጣ፣ አማርኛው የሚያስቸግረው፣ ከተማው ውስጥ ወገን የሌለው ሰው። በዚያው ዕለት ታሰረ፤ ሰኞ ጠዋት፣ ውስጥ እግሩን በጎማ ተገረፈ። ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል ተባለ። በነፍስ ግድያ ከተከሰሰ ጠበቃ የሌለው ቅጣው ዕድሜውን እስር ቤት እንደሚጨርስ ለማንም ግልጽ ነው። ጥሩሐረግ የቀራት ሦስት ቀን ነበር።

ሰኞ መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩን የከፈተችላት ይታየሽ የምትባል፣ ከወልድያ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ማሽኑ የጸሐዩን የይለፍ ቃል ይዞ ስለነበር ገጹ ወዲያው መጣ። «አምስቱ በሮች» ይባላል፤ በኢንተርኔት የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ካርታ ያጠራቅማል፣ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል፣ ከዚያ አርባ መርጦ ይገጥማል። ሀብታም አገር ያለው ካርታውን በዶላር ይገዛል፤ የሰቆጣው ግን ከባዶ ነው የሚነሣ። ከመሥሪያ ቤቶች ውጭ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት የነበረው እዚህ ብቻ ነው፤ እሱም በአንዲት የስልክ መስመር። አራት ሰዎች ተራ እየያዙ ይጫወቱባት ነበር፦ አሠልጣኙ ጸሐዩ፣ ዘበኛው ቅጣው፣ ራሷ ይታየሽ፣ የመስኖ ባለሙያው ምንይሉ።

ጸሐዩ፣ የዋግ ኽምራው የዝቋላ ልጅ፣ በሁለት ዓመት አንድ ካርታ ሳይገዛ ሁሉንም በለጣቸው። በሐምሌ «በር ጠባቂ» የሚባለውን ብርቅ ካርታ አሸነፈ። ነሐሴ 10 ቀን ሲያልቅ ይህ ካርታ በማን አካውንት ከተገኘ፣ ያ ሰው በኩባንያው ወጪ ናይሮቢ ለውድድር ይጠራል፤ ቲኬት፣ ማደሪያ፣ የቪዛ ደብዳቤ ሁሉ ተሟልቶ። ከኮረም ወዲያ አገር የማያውቀው ጸሐዩ ለፓስፖርት ፎቶ ተነሥቶ ነበር።

ይታየሽ ገጹን አይታ ክው አለች። በር ጠባቂው የለም። እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ «ዋግ» ለሚባል አካውንት ተሰጥቷል፤ በዚያው ደቂቃ «ዋግ» ተቀብሏል። ጨዋታው ሰጪና ተቀባይ ከአንድ ማሽን ሲገቡ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱም አለ። እንግዲህ ገዳዩ በሩን ከፍቶ ጭሱን ካስወጣ በኋላ በጄኔሬተሩ መብራት፣ እዚሁ ማሽን ላይ፣ ሬሳውን አጠገቡ አድርጎ ካርታውን ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ ሲነገረው አዛዡ ቅጣውም ይጫወታል አይደል እንዴ ብሎ ሻዩን መጠጣት ቀጠለ።

ጥሩሐረግ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ቢሆንም ሦስቱን ተጫዋቾች አንድ ነገር ለመጠየቅ ቆረጠች፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ይህን ጨዋታ እንዴት ይጀምራል?

ይታየሽ ምርር ብሏት መለሰች። በመጀመሪያው ወር ምንም እንዳይገዛ፣ በነፃ የተሰጡትን አርባ ካርታዎች አንድ በአንድ እስኪያውቅ እንዲጫወትባቸው፣ መንታ የሆነውን እንጂ አንድ ያለውን እንዳይለውጥ። እሷ ይህን የተማረችው ተቃጥላ ነው፤ ባለፈው ወር፣ በሐምሌ፣ ጅዳ ያለች ዘመዷን ለምና አንድ ጥቅል ካርታ አስገዝታ ሁሉም የማይረባ ሆኖባት አልቅሳለች። እሑድ የት ነበርሽ ስትባል ተረኛ ነበርኩ አለች። ከአምስት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያያት የለም፤ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው አለች።

ቅጣው እስር ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባበትም። ጥሩሐረግ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በኽምጣና ስታናግረው ፊቱ ፈታ አለ። እሑድ ጠዋት ጸሐዩ ቅዳሴ ሂድ ብሎ አሰናብቶት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በዝናብ ቆሞ ዋለ፤ ማን ልብ ብሎ ያየዋል? ስለ ጨዋታው ስትጠይቀው ግን ሕመሙን ረሳ። ካርታ ብርቱ የሚሆነው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ከጓደኛው ጋር ሲስማማ ነው አላት። በየቀኑ የምትሰጠዋን አንዲት ነፃ ካርታ ሳያስቀር ይወስዳል፤ አምስት ደቂቃ ትበቃለች። የመረጣቸውን አርባ ለመሙላት የቀረችው «ጀልባ» የምትባል ካርታ ብቻ ናት፤ አራት ወር ሙሉ ደክሞላታል።

«የትናንቷንና የዛሬዋን አልወሰድኩም፣ እትዬ» አለ። «ይቀርብኛል ማለት ነው?»

ጥሩሐረግ ተነሥታ ወጣች። በሩ ላይ ለቆመው ፖሊስ ይህን ሰው ደግሞ የሚነካ ቢኖር ከእኔ ጋር ነው የሚገናኝ አለችው።

ምንይሉ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሰቆጣ ሰባት ዓመት የቆየ፣ ደልደል ያለ፣ አለባበሱ የጸዳ ሰው ነው። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ይከለከላል። ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ አስገብቷት እናቴ እያለ አስተናገዳት። እሑድ ቤቱ ሆኖ ሪፖርት ሲጽፍ ዋለ። ጨዋታውን ከሚያዝያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም፤ የሥራ ፈት ነገር ነው። ጥሩሐረግ ሞኝ መስላ፣ ልጆቹ የነገሯትን ዘርዝራ፣ መቼም እንዲህ ተለፍቶ አይቻልም ብላ ተነፈሰች። እሱም አላስቻለው።

«እሱ የደካማ መንገድ ነው» አለ። «አዲስ አካውንት ይክፈቱ፣ የመጀመሪያዎቹን አሥር ጨዋታዎች ይሸነፉ። ገና ካርታ ሳይወርድ እጅ ይስጡ። አሥረኛው ላይ ኩባንያው ሠላሳ ካርታ ይልክልዎታል፤ ያቺ ጀልባም አለችበት።»

«ለተሸናፊ ለምን ይልካል?»

«ተስፋ ቆርጠው እንዳይተዉት ነዋ፣ እናቴ።»

«ልጆቹስ ይህን ያውቃሉ?»

ምንይሉ ሳቀ። «እነሱማ አንድ አንድ ካርታ ሲለቅሙ ይክረሙ! ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። አሁን እርስዎም አወቁ።»

አመስግናው ወጣች። መንገዷን በምንይሉ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት በኩል አድርጋ ጥቂት ቆየች፤ ከዚያ ከሰዓቱን ሙሉ ከይታየሽ ጋር ማሽኑ ላይ ዋለች። ምን እንዳገኘች ለአዛዡ ትንፍሽ አላለችም።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ማሰልጠኛው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ቦሰና ጥቁር ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ቅጣው ሁለት ፖሊስ ደግፎት፣ በካቴና ታስሮ መጣ። ምንይሉ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

«ጄኔሬተሩን ያስገባው ጉልበት ያለው ሰው ነው» ብላ ጀመረች ጥሩሐረግ። «ሁለት ፖሊስ ያቃሰተበትን ይታየሽ ደፍ አታሻግረውም። ወይዘሮ ቦሰናም እንዲሁ። ጨዋታውን የሚያውቁ ሁለት ወንዶች ይቀራሉ።»

«አንደኛው እጄ ላይ ነው» አለ አዛዡ።

«ይቆዩኝ። ጀማሪ አካውንት ሃያ ጨዋታ ሳይጫወት ካርታ መቀበል አይችልም፤ ይህ የጨዋታው ሕግ ነው። ስለዚህ ‹ዋግ› ሃያ ጊዜ ተጫውቷል። ጨዋታው ደግሞ የማንንም መዝገብ አይደብቅም። ይታየሽ፣ አንብቢላቸው።»

ይታየሽ አነበበች። አካውንቱ ሐምሌ 2 ቀን ተከፈተ። በመጀመሪያው ጨዋታ ካርታ ሳይወርድ እጅ ሰጠ። በሁለተኛውም እጅ ሰጠ። በሦስተኛውም። እስከ አሥረኛው ድረስ እንዲሁ፤ ከአሥራ አንደኛው እስከ ሃያኛው ግን ሁሉንም አሸነፈ። ምንይሉ አነባብሮት የነበረውን እግር አወረደ።

«ጀማሪ ይሸነፋል፤ ምን ይደንቃል?» አለ አዛዡ።

«ይሸነፋል፤ ሆን ብሎ አሥር ጊዜ የሚሸነፈው ግን አሥረኛው ላይ ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው ነው። ትናንት እኔም አካውንት ከፍቼ ሞከርኩት፤ ሠላሳ ካርታ ተላከልኝ። ይታየሽ ባየች ጊዜ አፏን ይዛ ቀረች። ይህን ብታውቅ ጅዳ ያለች ዘመዷን ባልለመነች ነበር። ቅጣው ለአንዲት ጀልባ አራት ወር ደክሟል፤ ይህን ቢያውቅ በአንድ ቀን ባገኛት ነበር። ያስተማርከኝ አንተ ነህ ምንይሉ፤ ሰቆጣ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ያልከኝም አንተው ነህ።»

«ድሮ ስጫወት ያየሁትን ነው የነገርኩዎት» አለ ምንይሉ። «ከሚያዝያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም ብያለሁ።»

«ስጦታው የተጀመረው ሰኔ 1 ቀን ነው፤ አብሮት በሚመጣው መልእክት ላይ ተጽፏል። የሚሰጠውም ከዚያ ወዲያ ለተከፈተ አካውንት ብቻ ነው። በሚያዝያ የተውከው ሰው በሰኔ የመጣውን ነገር ከየት አየኸው?»

ምንይሉ በሩን አየ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ለምኜዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀበርኩ! ካርታውን ስጠኝ፣ ናይሮቢ ልውጣና በዚያው ልቅር አልኩት። እምቢ አለኝ። በአንድ እግሩ ናይሮቢ ምን ሊሠራ ነው?»

ወይዘሮ ቦሰና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ። ጥሩሐረግ አንድ ያልገባት ነገር ነበር፤ ክራንቹን ወዲያ መጣል ሲችል ሚስማር ላይ ለምን ሰቀለው?

«መሬት ላይ እንዳይረጥብ» አለ ምንይሉ። ይህን ሲል ራሱም የሰማው አይመስልም።

ካቴናው ከቅጣው እጅ ወልቆ ምንይሉ እጅ ላይ ገባ። አዛዡ ቅጣውን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ የመስኮቱን ፍሬም ሲመረምር ቆየ። ቅጣው መቆም ስላልቻለ ጸሐዩ ሞቶ የተገኘበት ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ጥሩሐረግ ከቦርሳዋ የታሸገ ፖስታ አወጣች። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ደጅይጥኑ የምትባል ሴት ለባለቤቱ አድርሺልኝ ብላት እንደነበር ለምንይሉ ነገረችው። ዓርብ ዕለት ምንይሉ መስክ ወጥቶ ስለነበር ነው ያልደረሰው፤ ከሰኞ ወዲህ ደግሞ ቢሮ አልገባም። ምንይሉ በታሰረ እጁ ፖስታውን ቀደደና አነበበ። ወደ ደብረ ማርቆስ የጠየቀው ዝውውር ተፈቅዶለታል።

«መቼ ነው የተፈረመው?» ብሎ ጠየቀ። ቀኑ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

«ዓርብ ጠዋት» አለች ጥሩሐረግ። «እሑድን ብትታገሥ ሰኞ ሻንጣህን ትይዝ ነበር። በል፣ መቀበልህን ፈርም።»

እስክሪብቶ ሰጠችው። ካቴናው እጁን ስለያዘው ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይንሸራተትበት ጀመር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ቅጣው በሁለት እጁ ተጭኖ ያዘለት። ምንይሉ ፈረመ።